ያልተጠየቀው ስንጥቅ

አንድ ላሜራ አጣፊ ነበረ።

ቆይ ስንሻው፣ አትቁነጥነጥ፤ ጥያቄህን አልረሳሁትም። «ለጓደኛዬ ሽማግሌ ሆኜ ሄድኩ፤ የልጅቱ አባት ሦስት ነገር ጠየቁኝ፤ ሦስቱንም እውነቱን መለስኩ። ያልጠየቁኝን አራተኛውን ነገር ባልናገር ዋሸ ያሰኘኛል ወይ?» ነው ያልከኝ። መልሱን ታውቀዋለህ። ባታውቀው ኖሮ በዚህ ፀሐይ ዳገቱን ወጥተህ እኔ ዘንድ አትመጣም ነበር። ብቻ ጠይቀሃልና ስማ።

ይህ ሰው የሚሠራው ከቤቴ ጀርባ ነበር። ሰዎች የሚፈልጉትን ዕቃ በወረቀት ወይም በካርቶን ስለው ያመጡለታል፤ እሱ ያንን አይቶ ላሜራውን ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ማጠፊያው ላይ አስተኝቶ ያጥፈዋል። የወፍጮ መሸፈኛ፣ የሱቅ መደርደሪያ፣ የባጃጅ ዕቃ መጫኛ፣ ያልሠራው ነገር የለም። ፕላስቲክም በእሳት አለስልሶ ያጥፍ ነበር። አንድ ቀን «ከብረት ፕላስቲክ ይሻላል፤ ሲያመው ይነጣል» አለኝ። እውነቱን ነው። ፕላስቲክ ከአቅሙ በላይ ሲታጠፍ እጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ያወጣና ለባለቤቱ ይናገራል። ብረት ግን እንደኛው ነው፤ ቀለም ከተቀባ ውስጡን ማን ያየዋል?

አንድ መልካም ልማድ ነበረው። ሥራ ሲቀበል አስቀድሞ አንድ ናሙና ይሠራል፤ አዛዡ ናሙናውን አገላብጦ አይቶ ከወደደው በምስማር ጫፍ ምልክቱን ይጭርበታል። የቀረው የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ደግሞ መጥፎ ልማድ ነበረው። ከተጠየቀው በላይ አይናገርም። ስዕሉ የተሳሳተ መሆኑን እያየ ያጥፋል፤ ሲሉትም «ደንበኛ የሚፈልገውን ያውቃል፤ ዝም አይነቅዝም» ይላል። ይህ ተረት ስንቱን እንደጨረሰ እግዚአብሔር ይቁጠረው።

በዚያው ሰፈር ዳር አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ይኖር ነበር። ከታናሽ ወንድሙ ጋር ነው የሚሠራው፤ አንዱ በገመድ ታስሮ ይወርዳል፣ ሌላው ከላይ ሆኖ ይይዛል። ገመዳቸው የሚንጠለጠለው በጉድጓዱ አፍ ላይ ከተጋደመ እንጨት ላይ ነበር። በአንዱ ዓመት እንጨቱ ሲሰበር አብሯቸው ይቆፍር የነበረ ሰው ሞተ። ቆፋሪው ከዚያ ወዲያ ፈራ። ሚስቱም እሱ ሥራ ውሎ እስኪገባ እህል አልቀምስ አለች። እንግዲህ ሰውየው ፊደል ያልቆጠረ ቢሆንም አእምሮው ብሩህ ነበርና ተቀምጦ አሰበ። ከጉድጓዱ አፍ ራቅ አድርጎ ጠንካራ ምሰሶ ሊተክል፣ ከምሰሶው ወደ ጉድጓዱ መሀል የሚዘረጋ የብረት ክንድ ሊያስር፣ ገመዱንም ከክንዱ ጫፍ ሊያንጠለጥል ወሰነ። የክንዱን ቅርጽ ከካርቶን ቆርጦ አጠፈው፤ አላማረውም፣ ሌላ ቆረጠ። ብዙ ካርቶን አበላሽቶ በመጨረሻ የወደደውን ይዞ ወደ አጣፊው መጣ።

«እንዲህ ያለ አራት ሥራልኝ» አለው። «አራት ጉድጓድ ተቀብያለሁ፤ ሁሉንም ከክረምቱ በፊት ማድረስ አለብኝ። ላሜራውን ራሴ እመርጣለሁ።»

መረጠ፤ ስድስት ሚሊ ውፍረት ያለው ደህና ላሜራ ነበር። አጣፊው ናሙናውን ሠራ። ቆፋሪው ግንድ ላይ አሳስሮ ከወንድሙ ጋር ሁለት ሆነው ተንጠለጠሉበት፤ ንቅንቅ አላለም። ደስ ብሎት በምስማር ምልክቱን ጫረበትና ሄደ።

አሁን ይህን ልብ በል፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ላሜራ በፋብሪካ ሲዳመጥ የተሳበበት አቅጣጫ አለው፤ ልክ እንደ እንጨት። ያንን አቅጣጫ አቋርጠህ ስታጥፈው እሺ ይላል። አቅጣጫውን ተከትለህ ካጠፍከው ግን እጥፋቱ ጀርባ ላይ ይሰነጠቃል፤ ፍልጥ በየት በኩል እንደሚሰነጠቅ አንተም ታውቃለህ። አጣፊው ናሙናውን የቆረጠው በደህናው በኩል ነው። ለቀሩት ሦስቱ ሲመጣ ግን የተረፈው ላሜራ ወርዱ አልበቃም። ሌላ ላሜራ ፍለጋ ገበያውን ዞረ፤ በዚያ ሳምንት አልተገኘም። ቆፋሪው ደግሞ ሰማዩን እያየ ይቸኩላል። አጣፊው ካርቶኑን ላሜራው ላይ አዞረና አስቀመጠው። በዚያ በኩል ሦስቱም ይወጣሉ፤ እጥፋታቸው ግን አቅጣጫውን የተከተለ ይሆናል።

ቆረጠ፤ አጠፈ። ሲጨርስ አውራ ጣቱን በእጥፋቱ ጀርባ ላይ ሳብ አደረገ፤ ጥፍሩን ያዘው። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር። ሁለተኛውም ያዘ፣ ሦስተኛውም ያዘ። ለረጅም ጊዜ ቆሞ እንዳያቸው ኋላ ራሱ ነግሮኛል። «ይይዝ ይሆናል» አለ በልቡ። ከዚያ ስቱኮ አቡክቶ ስንጥቁን ደፈነ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ አራቱንም አንድ ዓይነት ግራጫ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባቸው። በናሙናው ላይ የተጫረውን የቆፋሪውን ምልክት እንኳ ደፍኖ ቀባው፤ ከሌሎቹ እንዳይለይ።

ቆፋሪው ሊወስድ መጣ።

«ውፍረቱ ያልኩህ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ስድስት ሚሊ ነው።»

«ልኩስ?»

«ካርቶንህን አምጣና አስተያየው።»

አስተያየ፤ አልተሳተም።

«ሁሉም ከዚያው እኔ ከመረጥኩት ላሜራ የወጡ ናቸው?»

«ከዚያው ናቸው።»

ሦስት ጥያቄ፣ ሦስት እውነት። አጣፊው «ስንጥቅ አለው ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ እነግረው ነበር፤ እስኪጠይቀኝ እየጠበቅኩ ነበር» ብሎ ኋላ ምሎልኛል። አምነዋለሁ። ቆፋሪው ግን አልጠየቀም። ብረቱን አቅፎ «ቀለሙ እንዴት ያምራል! ይኸው፣ ከእንግዲህ ሚስቴም እህል ትቀምሳለች» አለና አመስግኖ ሄደ። ሚስቱም አሮጌውን እንጨት ፈልጣ አነደደችው።

ቆፋሪው አንዱን ክንድ መጀመሪያው ጉድጓድ ላይ አሰረ፤ ሦስቱን በጆንያ ጠቅልሎ ቤቱ አስቀመጠ። ሦስት ሳምንት ሠሩበት። በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ውኃ ወጣ፤ ሰፈሩ እልል አለ። አርብ ረፋድ ላይ ቆፋሪው የመጨረሻውን ጭቃ ሊያወጣ በገመድ ሲወርድ ክንዱ ከእጥፋቱ ላይ ተከፈተ።

አልሞተም። መሞቱ በተሻለው ነበር። ሁለት እግሩና አንድ እጁ ተሰብሮ፣ ውኃ በሚያመነጨው ጉድጓድ ውስጥ በሕይወት ወደቀ። ገመድ ቢጥሉለት ማሰሪያውን መቋጠር አቃተው። ሰው ወደ ጉድጓዱ አፍ ሲጠጋ ልቅ የሆነው አፈር እየተናደ በላዩ ይወርዳል። ከመሀል ተንጠልጥሎ የሚወርድ ሰው ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ክንድ ያስፈልጋል። እንጨት ፍለጋ የሮጡትም ሩቅ ነበሩ። ወንድሙ ሦስቱን ክንዶች በጆንያ እንደተጠቀለሉ ተሸክሞ መጣና አንዱን ምሰሶው ላይ ሊያስር ቡሎኑን አነሣ። ግን መልሶ አስቀመጠው። አንዱ ተሰብሯል፤ ሌላው ላለመሰበሩ ማን ዋስ ይሆናል? «አጣፊውን ጥሩልኝ!» አለ።

አጣፊው እየሮጠ መጣ። እኔም ነበርኩ። ከታች የሰውየው ድምፅ ይሰማል፤ «ውኃው ደረቴ ደርሷል» ይላል።

«እነዚህ ይይዛሉ? ልውረድባቸው? ንገረኝ!» አለ ወንድሙ።

ይኸውልህ፣ አራተኛው ጥያቄ መጣ። አጣፊውም ቃሉን ጠበቀ፤ ተጠየቀና ተናገረ።

«አንዱ ብቻ ነው የሚይዘው» አለ።

«የትኛው?»

አጣፊው ሦስቱን አያቸው። ሦስቱም ግራጫ፣ ሦስቱም ለስላሳ፣ ሦስቱም ያማሩ ናቸው። የቱ እንደሆነ አላወቀም። ያ መልካም የነበረው ናሙና፣ ሁለት ሰው ተሸክሞ ንቅንቅ ያላለው፣ ምሰሶው ላይ የተሰበረው አለመሆኑ ብቻ ነው የታወቀው። ተንበርክኮ በሞረድ ቀለሙን መፋቅ ጀመረ። በደንብ ነበር የቀባው፤ ቀለሙም ስቱኮውም ቶሎ አልለቅ አለ። አንደኛውን ፋቀ፤ ጥፍሩን ያዘው። ጣለው። ሁለተኛውን ፋቀ። ከታች ድምፁ «እመቤቴ» አለ፤ ከዚያ የሚስቱን ስም ጠራ። ሁለተኛውም ያዘ። የቀረው ሦስተኛው መሆኑ ቢገባውም ራሱን አላመነም፤ ሲፍቀው ያ በምስማር የተጫረው ምልክት ከቀለሙ ሥር ብቅ አለ። እጁ እየደማ ነበር። «ይሄ ነው!» ብሎ ጮኸ።

በዚያን ጊዜ ጉድጓዱ ዝም ብሏል።

ክንዱን አሰሩት። ወንድሙ ወረደበት፤ ንቅንቅ አላለም። የወንድሙን ሬሳ ይዞ በዚያው ወጣ።

ከአርባው በኋላ ሽማግሌዎች ተቀመጥን፤ አንዱ እኔ ነበርኩ። አጣፊው ቆሞ «ሦስት ነገር ጠየቀኝ፤ በሦስቱም አልዋሸሁትም። ያልጠየቀኝን ግን አልነገርኩትም። ጥፋቴ ይህ ነው» አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዳንዱ አንገቱን ነቀነቀ። አዎ፣ አልዋሸም እኮ፣ ተባባልን። ልብ አድርግ፣ ሽበታም ሁሉ ተሰብስበን ይህን አልን። ባሏ የሞተባት ሴት ማዕዘን ላይ ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደችና እንዲህ አለች።

«ባሌ የሚያውቀው አፈር ነው። ብረት አያውቅም። ምን ብሎ ይጠይቅህ?»

ነጠላዋንም መልሳ አፏ ላይ አደረገች። አጣፊው ከዚያ ቀን ወዲያ ማጠፊያውን አልነካም። ብዙ ዓመት ኖረ። ደጁ ላይ ተቀምጦ አውራ ጣቱን በወንበሩ ክንድ ላይ ሲያመላልስ አየው ነበር። ላጽናናው ብዬ አንድ ሁለቴ ሄጃለሁ፤ አጠገቡ ጥቂት ተቀምጬ ተመለስኩ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ፣ ልጄ።

የልጅቱ አባት «ሥራ አለው ወይ?» አሉህ፤ አለው አልክ፤ እውነት ነው። «ይጠጣል ወይ?» አሉህ፤ አይጠጣም አልክ፤ እውነት ነው። «ከማን ወገን ነው?» አሉህ፤ ነገርካቸው፤ እውነት ነው። የፊተኛ ሚስቱን ሁለት ጊዜ እጇን መስበሩን አልጠየቁህም። እንዴት ይጠይቁህ? ሰውየውን አያውቁትም፤ ከሌላ አገር የመጣ ነው። የምታውቀው አንተ ነህ። የዚያችን ሴት እጅ በነጠላ አስረህ ሐኪም ቤት ያደረስካት አንተ ራስህ ነህ። ጥፍርህ ስንጥቁ ላይ ይዞ ነበር። አንተ ግን ነጭ ልብስህን ለብሰህ፣ በሰው ፊት ተቀምጠህ፣ ትሕትናውንና ታታሪነቱን ደራርበህ ቀባህበት። ዛሬ ደግሞ ተለውጦ ይሆናል ትለኛለህ። አጣፊውም ይይዝ ይሆናል ብሎ ነበር።

የሚያውቅ ሰው እስኪጠየቅ ከጠበቀ፣ ጥያቄው የሚመጣው ከጉድጓድ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ያቺ ልጅ ወይም አባቷ «ታውቅ ነበር ወይ?» ብለው ይጠይቁሃል፤ አንተም እውነተኛ ሰው ነህና አዎ ትላለህ። ያን ጊዜ የምትነግራቸው እውነት ሬሳ ለማውጣት ካልሆነ ለምን ይጠቅማቸዋል?

ጓደኛህ ይቀየመኛል ብለህ ነው የፈራኸው። ይቀየምህ። ልጅቱ እስካሁን እግሯ መሬት ላይ ነው፤ በዚያ ገመድ አልታሰረችም። ሠርጉ አሥራ ሁለት ቀን ይቀረዋል፤ ድንኳኑ እንኳ አልተተከለም።

በል ተነሥ። የአባቷን ቤት መንገድ ታውቀዋለህ፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሦስት ጊዜ ሄደህበታል። አራተኛውን ብቻህን ሂድና ማንም ሳይጠይቅህ ተናገር።