የወይዘሮ ውድነሽ የአስፓራገስ መደብ

እኛ ዘንድ ሰው ከጊዜው በፊት ሲቸኩል የሚነገር አንድ አባባል አለ። የሚሉት ብዙዎች ናቸው፤ ከየት እንደ መጣ የሚያውቁት ግን የአቶ ዘርጋውን ጓሮ ያዩ ብቻ ናቸው።

ጓሮው በስሙ ይጠራ እንጂ አዛዧ ሚስቱ ውድነሽ ነበረች። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ሠርታለች። እዚያ አስፓራገስ የሚሉትን፣ ጣት የመሰለ አረንጓዴ ቡቃያ፣ ስትልጥና ስትቀቅል ኖረች፤ ተቀምጣ የበላችበት ቀን ግን የለም። ሰንዳፋ ገብታ ስታርፍ ዘሩን አፈላልጋ አፈላች፤ ችግኙንም በጓሮው አንድ መደብ ላይ ጥልቅ ቦይ ቆፍራ፣ ፍግ ነስንሳ ተከለችው።

«በሦስተኛው ዓመት በገዛ ገበታዬ አብረን እንበላዋለን» አለችው።

«እስከዚያ እኔን ማን አቆየኝ?»

«ብትሞትም ቡቃያው አይነካም።»

ዘርጋው ደግ ነው። ለእንግዳ እምቢ ማለት ግን አይችልም። እሸት የከለከለ ሰው እርሻው አይባረክም ብሎ ስለሚያምን፣ አላፊ አግዳሚው በቆሎውን ሳይቀምስ ደጁን አያልፍም።

በሁለተኛው ዓመት የበልጉ ዝናብ ሲጥል ቡቃያው አፈሩን ገፍቶ ወጣ። ውድነሽ ለቅሶ በሄደችበት ቀን አበ ልጁ ጉልላት መጣ፤ እንደ ልማዱ የአይሱዙውን ሞተር ሳያጠፋ።

«አልቀመጥም አበ ልጅ፣ ጭነት አለብኝ። ይኼ የበቀለው ምንድን ነው?»

«የውድነሽ ነው። የፈረንጅ ምግብ።»

«የፈረንጅ እሸት አይቀመስም እንዴ?»

ዘርጋው አንገቱን አከከ። ከዚያ አንዱን ቀጠፈለት። ጉልላት በጥሬው ቆረጠመው።

«የአተር እሸት ነው እኮ!» አለና ራሱ ጎንበስ አለ። ሲሄድ በመደቡ ግማሽ ላይ አንድም ቡቃያ አልቀረም።

ውድነሽ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ መደቡ ዳር ተቀመጠች። አልጮኸችም። የተቀጠፉትን ጉቶዎች በጣቷ ዳሰሰቻቸው።

«ዘርጌ፣ አተር በየዓመቱ ይዘራል። ይህ ግን አንዴ ከተተከለ ለዓመታት የሚኖር ነው። ቡቃያው አድጎ ቅጠል ይሆናል፤ ሥሩን የሚያበላው ያ ቅጠል ነው። ሕፃኑን ከጡት ነጥቀህ ነው እንግዳ የጋበዝክብኝ።»

ዘርጋው በማግስቱ መደቡን ራሱ አጠረው።

ብዙም ሳይቆይ ጉልላት ተመልሶ መጣ፤ አሁን ደግሞ ፌስታል ይዟል። ዘርጋው አጥሩ በር ላይ ቆመ።

«ከዚህ አልሰጥህም፣ አበ ልጅ።»

ጉልላት ሳቀ። ዘርጋው አልሳቀም።

«እሸት ከለከልከኝ?»

«ከለከልኩህ።»

«ልጅህን ክርስትና ያነሳሁልህን ሰውዬ?»

«ያነሳኸው ልጄን ነው፤ መደቡን አይደለም።»

አይሱዙው አቧራውን አስነስቶ ሄደ። ዓመቱን ሙሉ በዚያ ደጅ አላለፈም። ዘርጋው የሞተር ድምፅ በሰማ ቁጥር ቀና ይላል፤ መልሶ ውሃ ማጠጣቱን ይቀጥላል። ያልተነካው ወገን እንስላል መስሎ ወገብ ደረሰ። የተቀጠፈው ግን እንደ ክር ሳስቶ ቀረ።

በሦስተኛው ዓመት በደህናው ወገን አውራ ጣት የሚያህል ቡቃያ ወጣ። ዘርጋው ግን ለመቁረጥ እጁ እምቢ አለው።

«ያለ አበ ልጅህ አይወርድልህም፣ አውቄብሃለሁ» አለችው ውድነሽ። «ሂድ አምጣው።»

ዘርጋው አክስቱን እማሆይ አመተ ማርያምን ለእርቅ ይዞ ሄደ። ጉልላት ሦስቴ እምቢ ብሎ በአራተኛው መጣ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ሞተሩን አጠፋ።

ውድነሽ ቡቃያውን በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ጠብሳ አቀረበች። ቆማ ልታስተናግድ ስትል ዘርጋው ትከሻዋን ይዞ አስቀመጣትና የመጀመሪያውን ጉርሻ ለሷ አጎረሳት። ዓይኗን ጨፍና ቀስ ብላ አኘከችው።

ጉልላት እየበላ በመስኮቱ ወደ ጓሮው አየ።

«የዚያኛውን ወገን ምን ነካው? ሁሉም ክር ነው።»

ዘርጋው መሬት መሬት አየ።

«እንግዳ» አለች ውድነሽ።

ጉልላት እጁን ከሳህኑ አነሳ። እማሆይ ግን ትልቁን ቡቃያ መርጠው መልሰው ከፊቱ አኖሩለትና፣ «ብላ ልጄ፣ አሁን ጊዜው ነው» አሉት፤ «ሥር ሳይጠግብ አፍ አይጠግብም።»