ሲበላሽ አሳየኝ

አንድ ታፔላ ሠሪ ነበረ። ቆይ፣ አታቋርጠኝ፤ የጠየቅኸኝን ሰምቻለሁ። «ጋሽ ድንበሩ፣ የእድራችን ዳኛ አድርጋችሁ ልትመርጡኝ ነው፤ ፈርጄ ብሳሳትስ? እንዳልሳሳት ምን ላድርግ?» ነው ያልከኝ። ደህና መልስ ካላገኘህ «ሌላ ሰው ፈልጉ» ብለህ ልትሸሽ እንደመጣህም ከፊትህ ያስታውቃል። መልሱ ያለው ታፔላ ሠሪው ዘንድ ነው፤ ስለዚህ ይኄይስ ልጄ፣ አረፍ በልና አዳምጠኝ። ጉባኤው እስኪሰበሰብ ጊዜ አለን።

ይህ ሰው ገበያ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። የመድኃኒት ቤት ታፔላ ይሠራል፣ የምግብ ቤት ማስታወቂያ ይሠራል፤ ከሁሉ የሚወደው ግን የሙሽሮች ፎቶ ነው። ያ አዳራሽ በር ላይ የሚቆመውን፣ ሰውን የሚያህለውን ማለቴ ነው። ሥራው እንዲህ ነው፦ የታተመውን ፎቶ ዝናብና የሰው ጣት እንዳያበላሸው ከላዩ ስስ ፕላስቲክ ያለብሱታል፤ ከዚያ የጀርባውን ወረቀት ልጠው ሰሌዳ ላይ ይለጥፉታል። ሲያወሩት ቀላል ነው። አየር ከገባበት ግን ሙሽራዋ ጉንጯ ላይ እባጭ ያወጣች ትመስላለች። ጠሞ ከተለጠፈ ደግሞ ሙሽራው ድግሱ ሳይጀመር የሰከረ ይመስላል። ምን ትስቃለህ? ሰው እኮ በዚህ ተጣልቷል!

ያን ጊዜ ማሽን የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ሰውየውና ሚስቱ ሁሉንም በእጃቸው ነበር የሚሠሩት። እሱ ከወዲህ ጫፍ ጀምሮ ያስተካክላል፤ እሷ ከወዲያ ጫፍ ፕላስቲኩን ወጥራ ይዛ በጎማ መፋቂያ እየተጫነች ትለጥፋለች። ታዲያ ሰውየው አንድ አመል ነበረው፤ እጁ ወደ ግራ ያደላል። ቀጥ አድርጎ ይጀምርና ቀስ በቀስ ያዘነብላል። ደግሞ አንገቱን አቀርቅሮ ስለሚሠራ ማዘንበሉ አይታየውም። ከወዲያ ጫፍ ለቆመችው ለሚስቱ ግን ወለል ብሎ ይታያታል።

«ተመለስ!» ትለዋለች።

ይመለሳል። ቀስ አድርገው ይልጡና እንደገና ይጀምራሉ። በሱቋ ውስጥ ከሬዲዮው ይልቅ ይህች ቃል ስለምትሰማ፣ ሰፈርተኛው «ተመለስ ማስታወቂያ» የሚል ስም አወጣላቸው። እነሱም አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ሚስቲቱ ስሙን ወደደችው። እየሳቁ ነበር የሚሠሩት። እንደነሱ ሥራና ፍቅር የሰመረላቸው ባልና ሚስት በዚያ ገበያ አልነበሩም።

አንድ ጠዋት ግን ሚስቲቱ መፋቂያውን ልታነሳ ብትል ክንዷ አልታዘዝ አላት። ሐኪም አየና «ትከሻሽ አልቋል፤ ከእንግዲህ እንደዚህ ከተጫንሽበት ጸጉርሽን ማበጠር እንኳ ያቅትሻል» አላት። እሷ ለክንዷ ብቻ አይደለም ያለቀሰችው። «ሱቁን ከተውኩ እቤት ቁጭ ብዬ ምን ልሆን ነው? እንደ ፎቶ ግድግዳ ላይ ልሰቀል?» አለች። ሰውየው ደነገጠ። ሚስቱን ይወዳት ነበር፤ መውደዱንም ደብቆ አያውቅም። ያለ እሷ ሱቋን ሊያስባት አልቻለም። በዚያው ቀን «ማሽን እንገዛለን» አለ።

ችግሩ ግን ያላቸው ጥሪት ለአንድ ማሽን ብቻ ነው የሚበቃው። አይሆንም ብለው የሚመልሱት፣ ሌላ ልሞክር ብለው የሚደግሙት ነገር አይደለም። ምርጫውን የሳተ እንደሆነ የሚስቱም ክንድ፣ ሱቋም፣ ያ ሁሉ ሳቅም አለቀለት ማለት ነው።

ሰው ዕቃ ሊገዛ ነው ከተባለ ደግሞ መካሪ ጠፍቶ አያውቅም። ጎረቤቱ የታክሲ ሹፌር ነበር፤ «ፈጣኑን ግዛ! ቀርፋፋ ማሽን መንገድ ይዘጋል» አለው። የሚስቱ ወንድም ልብስ ተኳሽ ነበር፤ «የሚያሞቀውን ግዛ፤ በዚህ ዓለም ሳይግል የተስተካከለ ነገር የለም» አለው። ሁሉም በየሙያው መከረ። አንድ በር ሠሪ ብቻ «ማሽኑ በበርህ ይገባል ወይ?» ብሎ ጠየቀው። ይሄስ ደግ ምክር ነበር፤ ሰውየው በሩን በገመድ ለካ። ከዚያ ሚስቱን ይዞ፣ ሹፌሩና ተኳሹም «እኛ ከሌለን ትታለላለህ» ብለው ተከትለውት፣ ማሽን ወደሚሸጥበት አዳራሽ ሄደ።

ሻጩ ከረባቱን ግጥም አድርጎ ያሰረ፣ አፉ ማር የሆነ ጎልማሳ ነበር። በመጀመሪያ ትልቁን አሳያቸው። ሁለት ወፋፍራም የጎማ ጥቅልሎች ተደራርበው ይሽከረከራሉ፤ ይሞቃል፤ መብራቱ ይብለጨለጫል። ሻጩ አንድ ንጹሕ ፎቶ ቀጥ አድርጎ ለማሽኑ ሰጠው። ከወዲህ ገባ፣ ዓይን ሳይጨፈን ከወዲያ እንደ መስታወት እያበራ ወጣ።

«ይሄ ነው እንጂ!» አለ ሹፌሩ።

«ሙቀቱን አያችሁት?» አለ ተኳሹ፣ ራሱ የሠራው ይመስል።

ሁለተኛው ማሽን ጥግ ላይ ነበር። ማሽን ከሚሉት ጠረጴዛ ቢሉት ይቀላል። ረጅም ነው፤ ከላዩ አንድ ጥቅልል ጎማ እንደ ድልድይ ተጋድሟል፤ በእጅ ሲገፉት ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠረጴዛውን እየተጫነ ይሄዳል። አይሞቅም፣ አይብለጨለጭም። ሻጩ እዚህም ላይ አንድ ፎቶ አለበሰ፤ ደህና አድርጎ አለበሰው፤ ነገር ግን ያጨበጨበ የለም።

«ይሄማ የሊጥ መዳመጫ ነው!» አለ ተኳሹ። ሹፌሩም ወደ ትልቁ እየገፋው «በል ጨርስ፣ ምን ታያለህ?» አለው።

ሰውየው ግን አልተንቀሳቀሰም። ሁለቱን ማሽኖች ደጋግሞ አየና ወደ ሻጩ ዞረ።

«ሁለቱም ሲያሳምሩ አየሁ፤ እጅህ ይባረክ። አሁን ደግሞ ሲበላሽ አሳየኝ» አለው።

«ምን አሉኝ ጋሼ?»

«ሲበላሽ።»

«ኧረ ጋሼ፣ የኛ ማሽን እኮ አያበላሽም!»

«ማሽንህማ አያበላሽ። የማበላሸው እኔ ነኝ። ገና አላወቅኸኝም።»

«ለዚህስ እኔ ዋስ ነኝ» አለች ሚስቱ።

ሻጩ ምን እንደሚል ግራ ገብቶት ሲስቅ፣ ሰውየው ከቤቱ ጠቅልሎ ያመጣውን አሮጌ የሙሽሮች ፎቶ ዘረጋና ልክ እንደ አመሉ፣ ወደ ግራ አዘንብሎ ለትልቁ ማሽን አጎረሰው። «ኧረ ጋሼ! ኧረ ጠሟል!» አለ ሻጩ። ሚስቱ ደግሞ ልማድ ሆኖባት፣ የት እንዳለችም ረስታ፣ አዳራሹን በድምፅዋ ሞላችው።

«ተመለስ!»

ሰውየው ማሽኑን ዙሪያውን አየው። «በየት በኩል ነው የሚመለሰው?»

ሻጩ ሮጦ ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ ቆመ፤ የጎረሰውን ግን አልተፋም። ፕላስቲኩ ቀልጦ ጥቅልሉ ላይ ተጠምጥሟል፤ የሙሽራው ጫማ በአንድ በኩል፣ ጆሮው በሌላ በኩል ብቅ ብሏል። ሻጩ ከረባቱን ፈታ፣ እጅጌውን ሰበሰበ። አንዱ ቢላ ያመጣል፣ አንዱ ይጎትታል፤ ተኳሹ «አይዞን፣ እኔ ሙቀት ለምጃለሁ» ብሎ እጁን ሰደደና «እፍ! እፍ!» እያለ መለሰው። ሻጩ ራሱ ላቡን እየጠረገ ሳቁ አመለጠው። ሲወጣላቸው ፎቶው ፎቶ አልነበረም፤ እፍኝ ሙሉ ጭምድድ ያለ ፕላስቲክ ነበር።

ሰውየው የዚያኑ ፎቶ መንትያ ከጥቅሉ አወጣና ወደ ጠረጴዛው ሄደ። አሁንም አዘንብሎ አስቀመጠው። ጥቅልሉን አንድ ክንድ ያህል እንደገፋው ሚስቱ «ተመለስ!» አለች። እጁን አቆመ፤ እጀታውን ቢያነሳው ጥቅልሉ ከፎቶው ላይ ተነሳለት። ፕላስቲኩን በቀስታ ላጠው፣ አቃናው፣ እንደገና ገፋው። ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ከተመለሰበት ቦታ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ቀርታለች። ከዚያ በቀር ቀጥ ብሏል።

«እስቲ እኔ!» አለች ሚስቱ። በደህናው ክንዷ ጥቅልሉን ገፋችው። መጫኑን የሚጫነው ጥቅልሉ ነው፤ ከትከሻዋ ምንም አልጠየቃትም። እንደ ሕፃን ጋሪ እየተንሸራተተ ወዲያኛው ጫፍ ደረሰላት። ደስታዋን ምን ልበልህ! ከዚያ ወዲህ፣ ከወዲህ ወዲያ እየገፋች፣ እየሳቀች፣ እንባዋ በጉንጯ ወረደ።

«በል እንግዲህ፣ ከዛሬ ወዲያ የምገፋው እኔ ነኝ» አለችው ለባሏ። «አንተ እዚያ ጫፍ ቆመህ ‹ተመለሺ› ማለት ልመድ!»

ሻጩ ሐቀኛ ነጋዴ ነበርና «ጋሼ፣ ትልቁ ግን በጣም ይፈጥናል፤ በኋላ እንዳይቆጭዎት» አለ።

«መፍጠኑንማ አየሁት» አለ ሰውየው። «እኔም ወደ ስሕተቴ ስሄድ ፈጣን ነኝ። ሁለት ፈጣኖች አንድ ሱቅ ውስጥ ከገባን ማን ያቆመናል?» ጠረጴዛውን ገዛ።

ሹፌሩና ተኳሹ መንገዱን ሁሉ «መዳመጫ ገዝተህ መጣህ» እያሉ አበሸቁት። እስከ መጀመሪያው ሠርግ ድረስ ነው ታዲያ። በዚያ ቅዳሜ የሙሽራው ሚዜዎች ፎቶውን ሊወስዱ ሱቋ በር ላይ መኪናቸውን አቁመው ጥሩምባውን ያንባርቁታል፤ ሙሽራዋን ሊያመጡ የሚሄዱት ፎቶውን ይዘው ነው። ሚስቲቱ ከጥሩምባው የተነሳ ቸኮለች፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ፣ ጥቅልሉን ስትገፋ ፎቶው ዞረባት። ሌላ ፎቶ የለም። ባሏ ከወዲያ ጫፍ «ተመለሺ!» ብሎ ጮኸ። ሚዜዎቹ ጥሩምባውን ትተው በሩ ላይ ተሰበሰቡ። እሷ እጀታውን አነሳች፣ ላጠች፣ አቃናች፣ ገፋች። ፎቶው ቀጥ ብሎ ሲቆም ከሚዜዎቹ ጋር የመጣች አንዲት አክስት እልልታዋን አቀለጠችው፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። ሙሽሮቹ ማታ በዚያ ፎቶ ፊት ሲጨፍሩ፣ ስለዚያች ቀጭን መስመር ያነሳ ማንም አልነበረም። ባልና ሚስቱም አብረው እየሠሩ፣ እየተጯጯሁ፣ እየሳቁ ኖሩ።

አየህ፣ ይኄይስ ልጄ። ይህ ሰው የማይሳሳት ማሽን አልፈለገም። ከየት ይመጣል? እንጨት ሆኖ የማይጤስ፣ ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም። እሱ የፈለገው የሚመለሰውን ነው። ዳኝነትም እንዲሁ ነው። «እኔ አልሳሳትም» የሚል ዳኛ ያን የሚብለጨለጨውን ማሽን ነው የሚመስለው፤ ቀጥ ያለ ነገር ስትሰጠው ያምርበታል፤ አንድ ቀን የጠመመ ነገር የጎረሰ እንደሆነ ግን እስከ መጨረሻው ይጨፈልቀዋል። የሚጨፈለቀው ደግሞ ወረቀት አይደለም፤ የሰው ስምና የሰው ቤት ነው። አንተ ጠረጴዛውን ሁን። ትሳሳታለህ፤ ስትሳሳት አባሉ ይነግርሃል፤ ሩቅ ሳትሄድ እጅህን አንሳ። አንዲት መስመር ትቀርብሃለች፤ ማፈርህ ናት። ቻላት፣ ማንንም አትገድልም።

ደግሞ እኛ ሽማግሌዎች አንተን ያጨንህ ለምን ይመስልሃል? የተማርክ ስለሆንክ? ከአንተ የተማረ ሞልቷል። አስታውስ፤ የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ሳለህ፣ «አግዳሚ ወንበሮቹን ሳይመልስ ቀርቷል» ብለህ አንዱን ጎረቤትህን በጉባኤ ፊት አሳፈርከው። በኋላ ወንበሮቹን ራስህ ካስቀመጥክበት፣ ከድንኳኑ ሸራ ሥር አገኘሃቸው። ያየህ ሰው አልነበረም። ዝም ብትል ኖሮ እስከ ዛሬ የሚያውቅ አይኖርም ነበር። አንተ ግን በሚቀጥለው ጉባኤ ማንም ሳይጠይቅህ ተነሳህ። ላብህ እየወረደ፣ «ወንበሮቹ ከኔው ዘንድ ነበሩ፤ ወንድሜን ያሳፈርኩት በከንቱ ነው፤ በፊታችሁ ይቅር ይበለኝ» አልክ። ያም ሰው ተነሥቶ አቀፈህ። እኛም እርስ በርሳችን ተያየን።

ልጄ፣ እኛ የመረጥንህ ያን ዕለት ነው። የዛሬው እጅ ማውጣት ለወጉ ያህል ነው።