ሁለተኛው አልጋ

አንድ ሰው አለ። በያጅ ነው፤ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። ስሙን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ከአዳራሹ ስትወጡ በዓይናችሁ ትፈልጉታላችሁ። ብቻ አዳማ ውስጥ አንድ ጠንካራ የግቢ በር አንኳኩታችሁ እጃችሁን ካመማችሁ፣ እሱ የሠራው ሊሆን ይችላል።

ይህ ሰው ጌም ይጫወታል። የኮምፒውተር ጌም።

አትሳቁ! እሺ ሳቁ፤ እኔም ስቄበታለሁ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ጣቶቹ በብየዳ የጠቆሩ ናቸው፣ እና «ፓስተር፣ እኔ እሁድ እሁድ ከሰዓት ጌም እጫወታለሁ» ሲለኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «ሳቁን ከጨረሱ ልቀጥል» አለኝ። አፈርኩ። ከዚያ የነገረኝን ነው ዛሬ የምነግራችሁ። ፈቃድ ጠይቄዋለሁ፤ «ይንገሯቸው፤ ስሜን ግን ይተዉልኝ» ብሎኛል።

አንዲት ልጅ አለችው፤ ረድኤት እንበላት። ጅማ ውስጥ ፋርማሲስት ናት። እናቷ በሕይወት እያለች የአባትና የልጅን ወሬ የምታመላልሰው እናት ነበረች። «አባትሽ ሰላም ብሎሻል» ትላለች፤ እሱ ግን ምንም አላለም። «ልጅህ ናፍቀኸኛል ብላሃለች» ትላለች፤ ምናልባት እሷም አላለችም። እናት ከአራት ዓመት በፊት ወደ ጌታ ሄደች። ሁለቱ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ስልካቸው እንዲህ ሆነ። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ። አንተስ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» ከዚያ ዝምታ። ታውቁት የለም ያንን ዝምታ? ስልኩ ተቋርጦ ይሆን እንዴ ብላችሁ ስክሪኑን የምታዩበት ዝምታ?

ረድኤት ናት መላ ያመጣችው። ቤት ትታው የሄደችው አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። በስልክ እየመራች አንድ ጌም አስጫነችው። «አባዬ፣ ማውራት ካቃተን አብረን አንድ ነገር እንሥራ። እሁድ ከሰዓት እዚያ እንገናኝ» አለችው። ስልካቸውን ድምፁን ከፍ አድርገው አጠገባቸው ያስቀምጣሉ፣ እሱ ከአዳማ፣ እሷ ከጅማ፣ ጌሙ ውስጥ ይገናኛሉ።

ጌሙን ላስረዳችሁ። ወጣቶች፣ ከተሳሳትኩ በኋላ ታርሙኛላችሁ፤ አሁን ዝም በሉ።

አንድም ሰው የሌለበት ደሴት ላይ ናችሁ። ብርድ አለ፣ ረሃብ አለ፣ ጅብ የሚመስል አውሬ አለ። ሥራችሁ በሕይወት መቆየት ነው። የምትሠሯቸው ነገሮች ዝርዝር አለ፤ መጥረቢያ፣ አጥር፣ ጎተራ፣ ጦር፣ የመሳሰሉት። ሁሉም ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። በደሴቲቱ ፀሐይ ስትወጣ አንድ ቁልፍ ይሰጣችኋል፤ በአንድ ቁልፍ ከዝርዝሩ አንድ ነገር ብቻ ትከፍታላችሁ። የከፈታችሁትን ትሠራላችሁ። ያልከፈታችሁትን ግን እንጨትና ድንጋይ ግቢያችሁን ቢሞላው መሥራት አትችሉም። እነሱ በሚጫወቱበት ከሰዓት ፀሐይ የምትወጣው አንዴ ነው። አንድ እሁድ፣ አንድ ቁልፍ።

ቁልፉ የሚሰጠው ደግሞ ለቤቱ ባለቤት ነው። ባለቤቱ አባት ነው። ረድኤት እንጨት ትለቅማለች፣ ውኃ ትቀዳለች፤ ምን ይከፈት የሚለው የእሱ ምርጫ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይቺን ያዙልኝ። ጌሙ ሲጀመር ለባለቤቱ አንድ አልጋ ይሰጠዋል። ከመውጣቱ በፊት አልጋው ላይ የተኛ ሰው፣ በሚቀጥለው እሁድ እዚያው ቤቱ ውስጥ ይነቃል። አልጋ የሌለውስ? አልጋ የሌለው ባሕር ዳርቻው ላይ ነው የሚነቃው፤ እንደ መጀመሪያው ቀን፣ ባዶ እጁን። ከዳርቻው እስከ ቤቱ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። በጌሙ ሰዓት አላልኩም፤ በእኔና በእናንተ ሰዓት።

በመጀመሪያው እሁድ አባት መጥረቢያ ከፈተ። ልክ ነው። መጥረቢያ ሳይኖር ምን ይሠራል?

በሁለተኛው እሁድ ረድኤት አንድ ሰዓት ተጉዛ መጣች። «አባዬ፣ ዝርዝሩ ታች ላይ ሁለተኛ አልጋ የሚል አለ። እሱን ክፈትልኝ» አለችው።

«ቆዪ፣ መጀመሪያ አጥር» አላት።

አጥር ተከፈተ። በሦስተኛው እሁድ አንድ ሰዓት ተጉዛ መጣች። «አልጋውስ?» «ቆዪ፣ የእንጨት አጥር ይፈርሳል፤ ግንብ እንክፈት።» ግንብ ተከፈተ። በአራተኛው፣ «ቆዪ፣ በር የሌለው ግንብ ምን ይረባል?» የብረት በር ተከፈተ። ሰውየው በያጅ ነው አልኳችሁ! በጌምም በር ይሠራል! በአምስተኛው ጎተራ። «ቆዪ» አላት።

ተሳስቷል ትላላችሁ? እኔ እንጃ። አጥር አያስፈልግም? ያስፈልጋል። ጎተራ አያስፈልግም? ያስፈልጋል። ምርጫዎቹን አንድ በአንድ ብታዩአቸው ሁሉም ልክ ናቸው፤ እኔም ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር። ብቻ በየሳምንቱ ልክ የሆነ ነገር እየተመረጠ፣ በየሳምንቱ አንዲት ልጅ ከባሕር ዳርቻ ትነሣለች።

በስድስተኛው እሁድ ምድጃ ተከፈተ። የዚያን ቀን ረድኤት ተረኛ ሆና አድራ ነበር፤ ድምፅዋ ደክሟል። አባቷን አሳዘነችው። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ፣ ቤታችሁ የደከመ ሰው ሲመጣ? አልጋችሁን ትለቃላችሁ! እሱም አደረገው። «በይ ዛሬ የኔ ላይ ተኚ፤ እኔ መሬት ላይ እተኛለሁ።» «አይሆንም አባዬ።» «በሞቴ ተኚ!» ተኛች። ጌሙ ግን ይሉኝታ አያውቅም። በሚቀጥለው እሁድ እሷ ቤት ውስጥ ስትነቃ፣ ባለቤቱ ባሕር ዳርቻ ላይ ባዶ እጁን ነቃ።

ተነሥቶ ሄደ። ያንን መንገድ ያየው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ረግረግ አለበት፣ ወንዝ አለበት፣ ወንዙ ጋ አውሬው ነከሰው። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቶ ራሱ በሠራው በር ሲገባ እየሳቀ ነበር። «ይሄን ሁሉ ነው እንዴ በየሳምንቱ የምትመጪው?» አላት።

እሷ አልሳቀችም። «አባዬ» አለችው፣ «አልጋ የሚለቀቀው ለእንግዳ ነው። እኔ እንግዳ ነኝ?»

«ቆዪ እንጂ፣ እከፍተዋለሁ» አለ። የዚያን ቀን ቁልፍ ግን ምን ከፈተበት መሰላችሁ? ጦር። አውሬው ነክሶት ተናዶ ነበራ! ዝርዝሩ ላይ አንድ ጓጉንቸር ብቻ ቀረ።

በስምንተኛው እሁድ ረድኤት ዳርቻው ላይ ነቃች፤ አልተንቀሳቀሰችም። «ምነው? ነይ እንጂ» አላት በስልኩ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «አባዬ፣ ክፍሌ ውስጥ ያሉት ብረቶች ተነሡ?» አለችው።

ወገኖቼ፣ እኔ ይህን ስሰማ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። የጌም ወሬ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ለገና መጥታ ነበር። ክፍሏን ስትከፍት የመስኮት ፍሬም፣ የተቆራረጠ የቱቦላሬ ብረት፣ ደንበኛ ያልወሰደው በር እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። አልጋዋ ተፈትቶ ግድግዳውን ተደግፏል። «ቆዪ፣ አነሳዋለሁ» አላት። ሦስት ሌሊት ሶፋ ላይ ተኛች፤ ሦስቱንም ቀን «ቆዪ» አላት። ለሳምንት ያመጣችውን ሻንጣ በአራተኛው ቀን ይዛ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ሲጠይቋት ሥራ በዝቶብኝ ነው ትላለች።

«ብረቱማ… ቆዪ እንጂ…» አለ አባት።

«ሁልጊዜ ቆዪ ትለኛለህ» አለችው። ሳትጮኽ ነው ያለችው። ፀሐይም ሳትወጣ ከጌሙ ወጣች፤ እሱም ላፕቶፑን ዘጋ።

በሚቀጥለው እሁድ ብቻውን ገባ። ፀሐይ ወጣች፣ ቁልፉ መጣ፣ የመጨረሻውን ጓጉንቸር ከፈተ። ሁለተኛውን አልጋ ሠርቶ እሳቱ አጠገብ አስቀመጠው። ቁጭ ብሎ ጠበቀ፤ የመጣ የለም። ሌላ እሁድ ጠበቀ፤ የመጣ የለም። ግንቡ አለ፣ በሩ አለ፣ ጎተራው ሞልቷል፣ አልጋው ተነጥፏል። የሚተኛበት ሰው ብቻ የለም። «ፓስተር፣ አለቀስኩ» አለኝ። እኔም እንዳለኝ ነው የነገርኳችሁ፤ አለቀሰ።

ከዚያ ላፕቶፑን ዘግቶ ተነሣና የክፍሏን በር ከፈተ። እውነተኛውን በር። ብረቱን ለማውጣት ሁለት ቀን ፈጀበት። ከሥር የአልጋዋን ራስጌ አገኘ። አራተኛ ክፍል እያለች በእጁ የሠራላት ነው፤ የብረት አበባ አለበት፣ አንዱ ቅጠል ጠማማ ነው። ያኔ ሊያቃናው ሲል እናቷ «ተወው፣ እንደዚህ ደስ ይላል» ብላ ከልክላው ነበር። አሁንም አላቃናውም። የላላውን እግር በየደው፣ ቀለም ቀባው፣ አንሶላ አነጠፈበት። ደወለላት።

«ረድኤት፣ አልጋሽን አንጥፌያለሁ።»

«የትኛውን? የጌሙን?»

«ሁለቱንም።»

ያ ዝምታ መጣ። እሱም ስክሪኑን አየ፤ አልተቋረጠም። «ለአዲስ ዓመት እመጣለሁ» አለች። «ግን ሁለት ቀን ብቻ ነው የማድረው።»

መጣች። ሁለት ሌሊት ጠማማው አበባ ሥር ተኛች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሻንጣዋን አንጠልጥላ፣ የግቢውን በር ከፍታ፣ አንድ እግሯ ውጭ ሆኖ ሳለ፣ አባቷ ከኋላዋ «ቆዪ» አላት።

ትከሻዋ ወረደ። ዞር ብላ፣ «ደግሞ ምን ቀረህ አባዬ? መኪናው ያመልጠኛል» አለችው።

«ምንም አልቀረኝም» አላት። «ቆዪ ነው ያልኩሽ።»

ሰማችሁት? ያው ቃል ነው፤ አንድ ፊደል አልተጨመረበትም። ስንት ዓመት «ታገሺኝ፣ ተራሽ አልደረሰም» ለማለት ሲጠቀምበት የኖረው ቃል ነው። ልቡ ግን ያን ሁሉ ዘመን ሌላውን ትርጉም ነበር የሚፈልገው። «አትሂጂ፣ አብረሽኝ ሁኚ» ማለት ፈልጎ ነበር። ይህንን ደግሞ መተኛ ለሌለው ሰው ማለት አይቻልም። ቆዪ ቢላትስ የት ትቆያለች? ሶፋው ላይ? ብረቱ ላይ?

ረድኤት ሻንጣዋን አስቀመጠች። መሥሪያ ቤት ደውላ ሦስት ቀን ጨመረች።

አሁን ወደ እናንተ ልዙር። አትንቀሳቀሱ፤ አልረዝምም።

እግዚአብሔር ለእናንተም በየማለዳው አንድ ቁልፍ ይሰጣችኋል። አንድ ቀን፣ አንድ ቁልፍ። ሁሉን በአንድ ቀን መክፈት አትችሉም፤ ስለዚህ ትመርጣላችሁ። ትናንት ምን ከፈታችሁበት? ሥራ? ጥሩ ነው። ቤት? ጥሩ ነው። ግንብ አጥር? እሱም ጥሩ ነው። እኔ መጥፎ ነገር መርጣችኋል ብዬ አልወቅሳችሁም። የምጠይቃችሁ፣ ዝርዝራችሁ መጨረሻ ላይ ማን አለ? በመጣ ቁጥር ከዳርቻ ጀምሮ በእግሩ የሚመጣ፣ በመጣ ቁጥር «ቆይ» የምትሉት ማን ነው? ሚስታችሁ ናት? የተጣላችሁት ወንድማችሁ ነው? ወይስ በየጠዋቱ ከእናንተ ጋር መቀመጥ የሚፈልገው ጌታ ነው፣ እናንተ «ቆይ ጌታዬ፣ ይቺን ብቻ ልጨርስ» የምትሉት?

ሰውየው ደስ የሚል አባት ነው። ልጁን የማይወድ እንዳይመስላችሁ። ግንቡን ሁሉ የሠራው ለእሷ ብሎ ነው። አውሬ እንዳይነካት ብሎ ነው! ግን የምትጠበቀዋን ውጭ አስቀርቶ ባዶ ቤት ሲጠብቅ ከረመ። እኔ ይህ ነው የሚያስፈራኝ። በጥላቻ ሰው የሚያጣ ጥቂት ነው፤ ብዙዎቻችን የምናጣው በ«ቆይ» ነው።

አሜን አላላችሁም። ግድ የለም፤ እኔም ሲነግረኝ አላልኩም። ለምን መሰላችሁ? የእኛ ቤት አንድ የእንግዳ ክፍል አለ። ወንድሜ ባለፈው ክረምት ሊያድር መጥቶ በዚያው ምሽት «ሌላ ጉዳይ አለኝ» ብሎ ሄደ። ጉዳይ አልነበረውም። አልጋው ላይ የስብከት መጻሕፍቴ ተከምረው ነበር። «ቆይ፣ አነሳልሃለሁ» ብዬው፣ እኔ ለእሁድ ስለ ፍቅር የምሰብከውን እያዘጋጀሁ ነበር። አዎ፣ አሁን ሳቁ፤ ይህ ያስቃል።

ስለዚህ ዛሬ ሰዓት ሳላሳልፍ ላሰናብታችሁ ነው። ሽማግሌዎች፣ አትደንግጡ። አጭር ጸሎት እንጸልይና ሁላችንም ወደየቤታችን እንግባ። እኔ ከአልጋ ላይ የማነሳው መጽሐፍ አለኝ፤ ከዚያ ለወንድሜ እደውላለሁ።