በር ላይ የቀረው መኖ

በአንድ ወቅት፣ በልጉ ቀርቶ ምድሩ በነጣበት ዓመት፣ ከደረቅ ወደብ ብዙም በማትርቅ ከተማ የሺመቤት የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሲሞት የተወላትን ላሞች እያለበች ልጆቿን ታሳድጋለች። በዚያ ዓመት ጭዱም ፉርሽካውም ከገበያ ስለጠፋ የከተማዋ ወተት አምራቾች ማኅበር ከውጭ አገር መኖ አስመጣ። ጆንያው ላይ «ኦርጋኒክ» ተብሎ ተጽፏል፤ ኬሚካል አልነካውም ማለት ነው። መኪኖቹ ደረሱ ሲባል የሺመቤት ነጠላዋን እንኳ በቅጡ ሳትለብስ ወደ ወደቡ በር ሮጠች።

በሩ ላይ ግን የመኖ ተቆጣጣሪው ደምሰው ቆሟል። ጭነቱ ባሕር ላይ እርጥበት ሳያገኘው አልቀረም ብሎ ጠርጥሯል። እርጥበት ያገኘው እህል የሻጋታ መርዝ ያወጣል፤ መርዙ በዓይን አይታይም፤ ከላሟ ወደ ወተቱ፣ ከወተቱ ወደ ሕፃናቱ ይገባል።

«ሳይመረመር አንድ ጆንያ አይወጣም» አለ።

ናሙና ተወሰደ፤ ከቤተ ሙከራው «ንጹሕ ነው» የሚል ውጤት መጣ። ደምሰው አሁንም እምቢ አለ። «ናሙናው ከላይ ከላዩ ነው የተወሰደው፤ ከሥር ያለው ይታይ።» አለቃው ካልለቀቅህ ከሥራህ ትነሣለህ ብሎ አስጠነቀቀው። ይህ ሁሉ ሲሆን የየሺመቤት ምርጥ ላም ዳለቻ በረሀብ በረት ውስጥ ወድቃ ቀረች። የሺመቤት በሩ ድረስ ሄዳ ጮኸችበት።

«ላሜን የገደልካት አንተ ነህ! ልጆቼን ምን ላብላቸው?»

ደምሰው መሬት መሬት አየ። በሩን ግን አልከፈተም።

የመጀመሪያውን ውጤት የፈረመችው ረድኤት የምትባል የቤተ ሙከራው መርማሪ ነበረች። ደምሰው ያለውን ስትሰማ እውነቱን እንደሆነ ገባት። ዝም ብትል የሚጠይቃት አልነበረም፤ እንዲያውም የሥራ እድገት እየጠበቀች ነበር። እሷ ግን ራሷ መጥታ፣ በጆንያዎቹ መሐል በደረቷ እየተሳበች፣ ከጭነቱ ሥር ናሙና አወጣች። መርዙ ከሚፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኘ። አለቆቿ ፊት ቀርባ «የፊተኛው የኔ ስህተት ነው» አለች። ጭነቱ ታገደ፤ የእሷም እድገት በዚያው ቀረ።

ወተቱስ ከመርዝ ዳነ፤ ላሞቹ ግን ምን ይብሉ? ይህን ጊዜ የየሺመቤት ጎረቤት ጋሽ ገመቹ ለእርሻ በሬዎቻቸው ያስቀመጡትን የጭድ ክምር ለሰፈሩ ከፈቱ።

«ጋሼ፣ በሬዎችዎስ?» አለቻቸው የሺመቤት።

«በሬ ይታገሣል የኔ ልጅ። የምትታለብ ላም አትችልም። ውሰጂ።»

ላሞቹ ዝናቡ እስኪመጣ በዚያ ጭድ ሰነበቱ። ዝናቡ ሲጥል ግን ከጋሽ ገመቹ በሬዎች አንዱ መነሣት አቅቶት ሞተ። ጎረቤት ሁሉ ሲያርስ የእሳቸው ማሳ ጦም አደረ።

ክረምቱ ሲወጣ ማኅበሩ ተሰበሰበ። በልማዳቸው በዓመት አንድ ጊዜ ለአንድ ባለውለታ ጋቢ ያለብሳሉ፤ ለሁለት ሰው ማልበስ አያውቁም። ስብሰባው በጭቅጭቅ ተናወጠ።

«እሱ በሩን ባይዘጋ ስንት ሕፃን ይቀበር ነበር?»

«እሷ ባትመሰክር መች ይሰሙት ነበር? አስገድደው ያስከፍቱት ነበር።»

«ያለ ጋሽ ገመቹ ጭድ ላሞቹ አልቀው ቢሆን ስለየትኛው ወተት ልታወሩ ነበር?»

መስማማት ሲያቅታቸው ሊቀመንበሩ ጋቢውን አንሥቶ ለየሺመቤት ሰጣት። «ከሁላችን የተጎዳሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ አልብሺ» አላት።

ጋቢውን ታቅፋ ቆመች። ደምሰው ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። እሷም ብትሆን እሱን ባየችው ቁጥር የዳለቻ ዓይን ይመጣባታል። ረድኤት ወደ ኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ጋሽ ገመቹ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። የሺመቤት አንድ እርምጃ ተራመደችና ቆም አለች።

እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑ፣ ጋቢውን የማን ትከሻ ላይ ትጥሉት ነበር?