ላባ የተነጠፈበት ቤት

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉና ወደ እሳቱ ጠጋ በሉ፤ ይህ የብርድ ተረት ነው።

በአንድ ደጋ ሜዳ ላይ ልጆቿን ብርድ እንዳይመታባት የምትሰጋ ፍልፈል ነበረች። ደጃፏ ላይ ደግሞ «የለኝም» ማለት የማታውቅ አንዲት ወፍ ትውል ነበር። ፍልፈል ሣር ልትለቅም ስትወጣ ወፊቱ ድንጋይ ላይ ሆና ዙሪያውን ትቃኛለች፤ ቀበሮ ካየች ትጮኻለች፤ ፍልፈልም ሮጣ ጉድጓዷ ትገባለች።

የውርጭ ወራት ሲመጣ ፍልፈል ቤቷን ማሰናዳት ጀመረች። ስንጥቁን በጭቃ መረገች፤ ደረቅ ሣር ጎዘጎዘች። ሣሩ ግን ልጆቿን ኮሰኮሳቸው።

«እህት ዓለም፣ እስቲ ከላባሽ ጥቂት ጣል አድርጊልኝ» አለቻት ወፊቱን።

ወፊቱ ከደረቷ እየነጨች ሰጠቻት። ፍልፈል «ጨምሪልኝ» ባለች ቁጥር ጨመረችላት፤ ደረቷ ራቁቱን እስኪቀር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወፊቱን ብርዱ አንዘፈዘፋት። «እመት ፍልፈል፣ ዛሬን ከበሩ ሥር ጥግ ልያዝ?» አለች።

ፍልፈል ልታስገባት ከበሩ ፈቀቅ አለች። ግን በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ልጆቿ ሲያስነጥሱ ሰማች። «ነፋስ ይገባባቸዋል፣ እህቴ። ነገ ላንቺም ጓዳ እቆፍርልሻለሁ» ብላ በሩን በአፈር ደፈነች።

ሲነጋ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። ፍልፈል አንገቷን ብቅ አድርጋ እንደ ወትሮዋ ጆሮዋን ጣለች። ወፊቱ ከድንጋዩ ሥር ኩርምት ብላ ደርቃለች።

ከውስጥ ትንሹ ልጇ፣ «እማዬ፣ ላባው ሲሞቅ! የማን ነው?» አላት።

ፍልፈል ከበሩ ሥር ጥጉን ይዛ፣ ቃል የገባችውን ጓዳ መቆፈር ጀመረች።