የእመት አህዪት አደራ

አንድ ጊዜ አንበሳ ከነቤተሰቡ ወደ ቆላ ሊወርድ ሲል ጭንቅ ያዘው። ከአባቱ የወረሳቸው ሁለት የድሮ የእጅ ጌሞች ነበሩት፤ ቁልፋቸውን ሲጫኑት ጢጥ ጢጥ እያሉ የሚያጫውቱ፣ ዛሬ ገበያ ቢዞሩ የማይገኙ። የቆላው ሙቀት ደግሞ ፕላስቲክ ያጣምማል።

«ሦስት ክረምት ቆይቼ ስመለስ ደቦሎቼ ይጫወቱባቸዋል» አለና አንዱን ለአያ ጅቦ፣ አንዱን ለእመት አህዪት በአደራ ሰጠ። «እመት አህዪት፣ ያንቺው ከሠራ በአገሬ ማንም አይነካሽም። ካልሠራ ግን የአያ ጅቦ ራት ነሽ።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም!» አላት።

«ማን በባል ተማመነ?» አለች አህዪት፣ ጆሮዋን እንኳ ሳታዞር። «እኔን የሚያስጥለኝ ሥራዬ ነው። አንተ ያንተን ጠብቅ።»

ጅብ ቤቱ ገብቶ ውድ ዕቃ እንዴት እንደሚቀመጥ አሰበ። ማሰብ ልማዱ ስላልሆነ ብዙ አልቆየበትም። ጠፍር ቅቤ ሲቀቡት ይከርም የለ? ጌሙን ቅቤ ቀባው። እህልስ ጉድጓድ ገብቶ ይከርም የለ? በሦስት ፌስታል ጠቀለለው፣ አፉን ጥርቅም አድርጎ አሰረው፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ከዚያም ላዩ ላይ ተኛበት።

አህዪት ግን ከሁሉ በፊት የጌሙን ጀርባ ከፍታ ሁለቱን የባትሪ ድንጋዮች አወጣች። ድንጋይ ሥራ ሲፈታ ያለቅሳል፤ እንባውም ብረት ይበላል። የቀድሞ ጌታዋ ራዲዮ እንዲያ ሆኖ ሲሞት አይታለች። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጠረገች፣ በአሮጌ ነጠላ ጠቀለለችው፣ በካርቶን አድርጋ ፀሐይም ጭስም ከማይደርስበት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አኖረችው። መስከረም በጠባ ቁጥር እያወጣች በጥላ ታናፍሰዋለች፤ ምስጥና እርጥበት እንዳልነካው አይታ ትመልሰዋለች።

ቀበሮ ይህን አጮልቃ አየችና ወደ ጅብ በረረች። «አያ ጅቦ፣ ደስ ይበልህ! የጌሙን ሆድ ዕቃ ዘርግፋዋለች፣ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ስትበላት ታዲያ ጉበቷን እንዳትረሳኝ!»

ጅብ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርሱን ሲስል ከረመ።

ሦስተኛው ክረምት አልፎ አንበሳ ተመለሰ፤ የማትለየው ትንሽ ራዲዮ ካንገቱ ተንጠልጥላለች፣ ደቦሎቹም ከኋላው ይራገጣሉ።

«ጌታዬ፣ የእሷን ያስቀድሙ!» አለ ጅብ። «ሆዱ ባዶ ነው!»

አንበሳ ቁልፉን ተጫነ። ጭጭ። ደግሞ ተጫነ። አሁንም ጭጭ። ጅብ ወደ አህዪት አንድ እርምጃ ተጠጋ። እሷ ግን አንገቷን አልደፋችም።

«ጌታዬ፣ የተኛ ቁርሱን ሳይቀምስ ሥራ ይባላል እንዴ?» አለች። «እስቲ ከራዲዮዎ ሁለት ድንጋይ ያውሱኝ።»

ድንጋዮቹን አስገባች። ጢጥ! ጢጥ ጢጥ ጢጥ! ደቦሎቹ እየተጋፉ ተረባረቡበት።

«ያንተስ?» አለ አንበሳ።

ጅብ ቆፈረ። ፌስታሉ ሲፈታ ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ቅቤው ሸቷል፤ ድንጋዮቹ በጌሙ ሆድ ውስጥ ፈንድተው ብረቱ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ቀበሮ «እኔ የለሁበትም» ብላ ጅራቷን ሰብስባ ሄደች። አንበሳ ሲያገሳ ጅብ መሬት ለመሬት ተለጠፈ።

«ይቆዩ ጌታዬ» አለች አህዪት። «አንተ ሆዳም፣ ተነሥና ሎሚ አምጣ። መንገድ ላይ እንዳትበላው ደግሞ!»

የፈነዱትን ድንጋዮች አውጥታ ጣለች። ዝገቱን ሎሚ በነካ ጨርቅ ፈገፈገች፣ ቅቤውን ጠረገች፣ በጥላ አደረቀች። በሦስተኛው ቀን አዲስ ድንጋይ ሲገባለት አንዲት ቀጭን ድምፅ ተሰማች፤ ጢጥ።

«ሠራ! የእኔው ሠራ!» ብሎ ጅብ ዘለለ፤ አንበሳም ጌሙን እንደገና በአደራ ሰጠው።

«የአንተው!» አለች አህዪት። «እንግዲያው መስከረም ሲጠባ ይዘኸው ትመጣለህ፤ አብረን እናናፍሳለን። በልተህ ና ታዲያ!»

ከዚህ የምንማረው፣ ለነገ ትውልድ የምናኖረውን ዕቃ አፍነን ከመቅበር ይልቅ የሚጎዳውን ከውስጡ አውጥተን በየጊዜው ብናናፍሰው ዕድሜው እንደሚረዝም ነው።