«በልቻለሁ» ትል የነበረችው ፈታይ

አንዲት ጥጥ ፈታይ ነበረች። ተቀመጥ እንጂ፣ ልጄ ይበልጣል፤ ቆሞ የሚሰማ ነገር አይደለም። የጠየቅኸኝን አልዘነጋሁትም። «አባቴ፣ በወፍጮ ቤቱ ጥበቃ የማገኘው ወሩን አያጋምስልኝም፤ በዚህች ከልጆቼ ጋር እንዴት አድርጌ ልኑር?» አልከኝ። በዚህ አብቅተህ ብትሄድ ደግ ነበር። በሩ ላይ ከደረስክ በኋላ ዞር ብለህ ደግሞ፣ «ተራዬ ሲደርስ ዳቦውንም ጠላውንም ማምጣት ስለማልችል ስሜን ከሰንበቴው ይፋቁልኝ» አልከኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብረን የምንቀምሰውን ያን ማዕድ የምመራው እኔ ስለሆንኩ፣ ሁለቱንም ጥያቄ ባንድ ላይ ልመልስልህ ነው። እናም ፈታይ ነበረች።

ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅ አልወለደችም። ተዳምጦ የተነደፈ ጥጥ፣ ባዘቶ፣ ትገዛለች፣ በእንዝርት ትፈትላለች፣ ልቃቂቱን ለሸማኔ ትሸጣለች። የምትበላው ከዚያ በሚገኘው ነው፤ ስትበላ ማለቴ ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ ቤቷ ሰው አይጠፋበትም ነበርና መስጠት ታውቅበታለች። መቀበል ግን የሚያስተምራት አላገኘችም። ባሏ ከሞተ በኋላ ለራሷ ሕግ አወጣች፦ መልሼ ላበላው የማልችለውን ሰው እንጀራ አልቆርስም አለች።

እኛ ዘንድ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። ሰው ሲበላ የደረሰ ሁሉ «እንብላ» ይባላል። የመጣው ሰው ቢርበውም ወዲያው አይቀመጥም፤ «በልቻለሁ» ይላል። ይሄ እንደ ውሸት አይቆጠርበትም፣ ጨዋነት ነው። ባለቤቱም አያምነውም፤ «በሞቴ» ይለዋል። «ኧረ ጠግቤአለሁ» ይላል እንግዳው። በመጨረሻ «አፈር ስሆን!» ሲባል ሰውየው እያጉረመረመ እጁን ይታጠባል፤ ከሁሉም አብልጦ የሚበላው ደግሞ እሱ ነው። ፈታይዋ ግን «አፈር ስሆን» የሚለውንም ትሻገረው ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ፈገግ ብላ፣ «በልቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትወጣለች።

ሰው እስከ መቼ ይለምናል? አንድ ዓመት ለመኗት። በሁለተኛው ዓመት «በሞቴ» የሚላት ቀነሰ። በኋላማ «እንብላ» ሲሏት እንኳ ቀና ብለው አያዩአትም ነበር። «እሷ እኮ ደህና ናት፤ ባሏ አንድ ነገር ሳይተውላት አልቀረም» ይባል ጀመር። አመኗት ማለት ነው። ልጄ፣ መራብ ከባድ ነው። ጠግባለች እየተባሉ መራብ ግን ይብሳል፤ የሚያዝንልህ እንኳ አታገኝም።

ረሃቡ በመጀመሪያ የታየው በፊቷ ላይ ሳይሆን በፈትሏ ላይ ነው። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ክሩ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይበጠሳል። ሸማኔው ልቃቂቱን አገላብጦ አየና፣ «እትዬ፣ ዓይንሽ ደከመ መሰለኝ» አላት። «አዎ፣ ዓይኔ ነው» አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዋጋውን ዝቅ አደረገባት።

ከአጥሯ ወዲያ አንዲት ወጣት ሴት ትኖር ነበር። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ እንደ ወረደ ወሬው ጠፍቷል። እሷም በዚያው ሰሞን ወለደች። አራስ ደግሞ ባዶ እጅ አይጠየቅም። ፈታይዋ ቤቷን ብትፈትሽ የቀራት የገብስ ዱቄት አንድ ቅል አይሞላም፤ ለሦስት ቀን ላብቃቃው ብላ ያሰበችው ነበር። ያንኑ ጠራርጋ አገነፋችው። ቅቤ ስላልነበራት ተልባ ወቅጣ አፈሰሰችበት፣ በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው፣ በጠራራ ፀሐይ አጥሩን ዞራ ሄደች።

አራሷ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ሕፃኑ ጡቷን ይስባል፣ ይተወዋል፣ ያለቅሳል፤ ልቅሶው ራሱ የደከመ ነው። ፈታይዋ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ገንፎውን ብታቀርብላት፣ አራሷ ዓይኗን ከሳህኑ ላይ አነሣችና፣ «በልቻለሁ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት።

ፈታይዋ ምድጃውን አየች። አመዱ ላይ ድመት ተኝታለች።

«በሞቴ!» አለች።

«ኧረ ጠግቤአለሁ።»

«አፈር ስሆን!»

አራሷ እምቢ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ፈታይዋ «በልቻለሁ»ን ስንት ጊዜ ብላዋለች! ለእሷ እንዲህ እስከ መጨረሻው ሲባል ግን ሰምታው አታውቅም ነበር። ትኩስ ገንፎ ይዛ በሰው ቤት መሐል ቆማ፣ ሳህኑ እጇን እያቃጠላት፣ ስንቱን ሰው እንዲህ አቁማ ትታው እንደ ሄደች ያን ጊዜ ገባት። ተናደደችም፤ እናት በልጇ እንደምትናደደው ነው። «ምን ሆነሻል? ሕፃኑ እኮ የሚያለቅሰው ጡትሽ ደርቆበት ነው!» አለቻት።

አራሷም አቀርቅራ፣ «አንቺ ከእኔ ቤት መቼ ቀምሰሽ ታውቂያለሽ? ሽሮ ሠርቼ ስንቴ ጠራሁሽ። የእኔን ካልበላሽልኝ፣ የአንቺን በምን ፊቴ እበላለሁ?» አለች።

ፈታይዋ ሳህኑን ትታላት ብትወጣ አራሷ እንደማትነካው አውቃለች። ሕፃኑ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። እናም ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ከአራሷ ጎን ቁጭ አለች፣ ከባሏ ሞት ወዲህ ለማንም ተናግራው የማታውቀውን ነገር ተናገረች።

«እኔም ርቦኛል» አለች። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል በቅጡ አልቀመስኩም። ዓይኗ ደከመ ይሉኛል፣ ዓይኔ ደህና ነው። ርቦኝ ነው። አብረሽኝ ብዪ።»

ማን ቀድሞ እንደ ጎረሰ አላውቅም። ሁለቱም እያለቀሱ ከአንድ ሳህን በሉ፤ እየበሉም መሳቅ ጀመሩ። በማግስቱ የአራሷ ጡት አጋተ። ሕፃኑም እስኪጠግብ ጠብቶ ተኛ።

ከዚያ ወዲያ ሀብታም ሆኑ ብዬ አልዋሽህም። አልሆኑም። ግን በሁለት ቤት ይነድ የነበረው እንጨት ባንድ ምድጃ ነደደ። ባዘቶ መግዛቱ ቀርቶ በርካሽ ጥሬ ጥጥ ገዙ፤ አራሷ ፍሬውን እየዳመጠች ታወጣለች፣ ፈታይዋ ሕፃኑን እያባበለች ትፈትላለች። እጇም ጸናላት። ጎረቤት «እንብላ» ሲላትም በሁለተኛው ልመና ትቀመጥ ጀመር። በመጀመሪያውማ አይሆንም፣ ነውር ነው።

እንግዲህ ይበልጣል፣ ፈታይዋ አንተ ነህ። ወሩ ረጅም ነው፣ ደመወዝህ አጭር ነው፤ ይሄንን እኔ በምሳሌ ላስረዝመው አልችልም። እስካሁን የጎደለህ ገንዘብ ብቻ ነው። ስምህን ከፋቅሁልህ ግን ሰውም ይጎድልሃል፣ ያን ጊዜ በእውነት ደኸየህ ማለት ነው። በዚያ ላይ ብቻህን የምትቀር እንዳይመስልህ። አንተ በኩራት «በልቻለሁ» ብለህ ከወጣህ፣ ከአንተ የባሰው ሰው በምን አፉ «ርቦኛል» ይላል? እሱም ተከትሎህ ይወጣል። የሚያበላህ ሰው ውለታ እየዋለልህ ነው ብለህ ታስባለህ፤ የአንተም መብላት ለእሱ ውለታ ነው።

አንድ ነገር ደብቄሃለሁ። «እሷ እኮ ደህና ናት» ያልኩት እኔ ነኝ። ጎረቤቷ ነበርኩ። ክሳቷን እያየሁ፣ ማመኑ ስለቀለለኝ አመንኳት። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል። ስለዚህ አንተ «በልቻለሁ» ብትለኝ አላምንህም። ስምህንም አልፍቅም። እሑድ ባዶ እጅህን ና፤ ተራህ ሲደርስ ውኃ ቀድተህ የሰዉን እጅ ታስታጥባለህ፣ ዳቦውን ሌላው ያመጣዋል፣ ማንም በክፉ ዓይን አያይህም። ቢያይህ ለእኔ ተወው።

አሁን አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ፤ ጨዋነቱን ተወውና። ልጆችህ ዛሬ ምን በሉ?